ያልተናበበ ቅጂ

ጥር 14 ቀን 2008፣ ቅዳሜ

የጥምቀት እንግዳ ሄደ፤ ከተማው ተነፈሰ። ንባብ ቤቱን ጠርጌ ሳልጨርስ አቶ አድማሴ በባጃጅ አራት ካርቶን አስጭኖ መጣ። የንባብ ቤቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው፣ ባለ ሆቴል። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ በዚህ ደብተር ላይ ግን «አንተ» ይበቃዋል።

«እትዬ ሰርክአዲስ፣ እልል ይበሉ! ስድስት ሺህ መጽሐፍ ይዤልዎት መጣሁ» አለኝ።

ካርቶኖቹን አየኋቸው። አራቱም ተደምረው ስድስት ሺህ ቀርቶ ስድስት መቶም አይችሉም። የእኛ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት መጽሐፍ ሦስት ግድግዳ ሞልቷል። አሥራ አንድ ዓመት አቧራቸውን ያራገፍኩት እኔ ነኝ።

«መደርደሪያ አይበቃኝም» አልኩት።

ከት ብሎ ሳቀ። አንዱን ካርቶን ቀደደና ጥቁር ሰሌዳ የሚመስል ነገር አወጣ፤ ከጸሎት መጽሐፌ ብዙም አይበልጥም። ታብሌት ይባላል። አርባ ናቸው፤ ውጭ አገር ያለ አንድ ማኅበር የላካቸው። በእያንዳንዱ ውስጥ ስድስት ሺህ መጽሐፍ አለ፤ የአማርኛው ብቻ ስምንት መቶ ነው አለ።

ያዝኩት። ይቀዘቅዛል። ሰው መጽሐፍ ሲይዝ ምን ያህል እንደቀረው አውራ ጣቱ ያውቃል። ይኼ አይናገርም።

«ጥሩ ነው» አልኩት። እንዲሄድልኝ ብዬ ነው።

ጥር 17፣ ማክሰኞ

አስተማሪ መጣች። ትሕትና ትባላለች፣ የወልድያ ልጅ። ማኅበሩ ነው የቀጠራት፤ እስከ ፋሲካ እዚህ ትቆያለች። አስጎብኚዎቹንና ተማሪዎቹን ሰብስባ ስታሳያቸው ከበሩ ቆሜ አየሁ። በጣቷ ገፋ ስታደርገው ገጹ እንደ ውሃ ይፈስሳል።

አስጎብኚው ሞላ ዞሮ አየኝ። «እትዬ፣ ከዚህ በኋላ ምን ሊጠርጉ ነው? ይኼ እንደሆነ አቧራ የለውም።»

«አንተን እጠርጋለሁ» አልኩት።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ትሕትና ግን አልሳቀችም። እኔን ሳይሆን መደርደሪያዎቹን ነበር የምታየው።

ጥር 25፣ ረቡዕ

ቸኩያለሁ። ሰው በር ላይ ቆሟል።

ኮሚቴው ተሰብስቦ ነበር። ሻይ ሳቀርብ ሰማሁ። ምርቃቱ መጋቢት 27። የማኅበሩ እንግዶች ይመጣሉ። ክፍሉ ይቀባል። መደርደሪያዎቹ ይወጣሉ። መጽሐፎቹ — «አሮጌ ወረቀት» ነው ያለው አድማሴ — በኪሎ ለነጋዴ ይሸጣሉ።

በኪሎ።

ሻዩ እጄ ላይ ፈሰሰ።

ጥር 26፣ ሐሙስ

የትናንቱን ደግሜ አየሁት። «በኪሎ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ይሁን።

ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። እዚያው ይቆያል።

የካቲት 4፣ ዓርብ

መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ጋዜጣ ሊሰሙ መጡ። እሳቸውም የኮሚቴው አባል ናቸው፤ በስብሰባው ዕለት ግን አልነበሩም። ሁልጊዜ የማነብላቸው እኔ ነኝ። ዛሬ ጉንፋን ስለያዘኝ ትሕትና አነበበችላቸው።

ስለ ሽያጩ ነገርኳቸው። ከእኔ ጋር የሚቆጡ መስሎኝ ነበር።

«ልጅ ሆኜ ይምርሐነ ክርስቶስ ስማር» አሉ፣ «የኔታ ከብራና በቀር በእጃቸው አይነኩም ነበር። ‹ብራና እንኳ በግ ነበረ፤ ወረቀት ምን ነበረ?› ይሉ ነበር። ዛሬ ደግሞ አንቺ ለወረቀት ታለቅሻለሽ።»

«አላለቀስኩም።»

«ታለቅሻለሽ እንጂ። ነገ ይቺ ልጅ ለዚህ ጥቁር ሰሌዳ ታለቅሳለች።»

ትሕትና ሳቀች። እኔ ተናደድኩ። «ታዲያ ይሸጥ ነው የሚሉት፣ መሪጌታ?»

«እሱን መች አልኩ? እኛ ዘንድ መጽሐፍ ሲገለበጥ ጸሐፊው ጨረስኩ ብሎ ቀለሙን አይከድንም። አንዱ ዋናውን ድምፁን አውጥቶ ያነባል፤ ሌላው ቅጂውን በጣቱ ይከተላል። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው። ማናበብ ማለት እሱ ነው። ያልተናበበ ቅጂ አይታመንም። እስኪናበብም ዋናው ከቤት አይወጣም።» ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «ይኼን ያናበበው ማን ነው?»

ትሕትና የያዘችውን ታብሌት አየች። እኔ ያን ጊዜ ነገሩን ልብ አላልኩትም። ስለ ወረቀት ማልቀስ ያሉት እየከነከነኝ ነበር።

የካቲት 8፣ ማክሰኞ

ማተሚያ ቤቶች ቀለም መቆጠብ ጀምረዋል። ድሮ የታተመው ሳይቀር እየደበዘዘ መጥቷል። አምፖሉም ደካማ ነው፤ ለአድማሴ ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ።

ይህን ደብተር አንዳንድ መስመር እየዘለልኩ በወፍራም እስክሪብቶ ነው የምጽፈው። ያምራል።

የካቲት 13፣ እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሽ አብዱልከሪም ሱቅ ሄድኩ። የቆቦ ሰው ናቸው፤ እዚህ ሲነግዱ አርባ ዓመት አለፋቸው። ዛሬ ሱቁን የያዘችው ልጃቸው ሀፊዛ ናት፤ እሳቸው በር ላይ በርጩማ ይዘው አላፊ አግዳሚውን ይመርቃሉ፣ ይሳደባሉም። የሸመተ ሰው መጠቅለያ ወረቀት የሚለምን ከእሳቸው ነው፤ ወረቀት የሚሸጥም ለእሳቸው።

«ጋሽ አብዱልከሪም፣ የንባብ ቤቱን መጽሐፍ እንዳይገዙ ልለምንዎ ነው የመጣሁ።»

«የኮሚቴ አባል አድርገውኝ የለ? ስብሰባ ላይ ሰምቻለሁ። እኔ ዛሬ በወረቀት የምጠቀልል ጨውና በርበሬ ብቻ ነው። ሌላው ፌስታል ሆኗል።»

«ያም ቢሆን።»

«እኔ ብተው ገበያው ውስጥ ሌላ ነጋዴ አይጠፋም፣ ሰርኬ።»

ሀፊዛ ከውስጥ ሻይ ላከችልን። ሻዩ ሲቀዘቅዝ እንዲህ አሉኝ፦ «ከአንቺ አንድ ጊዜ ገዝቻለሁ። ያን ጊዜ ‹የማን ነው?› ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ወላሂ፣ አልጠየቅኩም።»

«እኔስ መቼ ነገርኩዎ።»

«ሁለታችንም ማንበብ አናውቅም ነበር። አንቺ ተማርሽ። እኔ ቀረሁ።»

ይህን ጽፌው አላውቅም። ዛሬ ልጻፈው።

ባሌ ምስጋኑ መምህር ነበር። በ1982 ሳንባውን ታሞ ሦስት ወር ደሴ ሆስፒታል ተኛ። ወታደር ቤት ለቤት ይፈትሻል ተባለ። ጎረቤቴ ማሚቱ «ወረቀት ያለበት ቤት ነው የሚቃጠል» አለችኝ። እህልም አልነበረም። ሃያ ስድስት ዓመት ሁለቱን ምክንያት ሳፈራርቅ ኖሬያለሁ፤ ፍተሻውን ፈርቼ ነው ስል ርሃቡ ትዝ ይለኛል፣ ርሃቡ ነው ስል ፍተሻው። መጽሐፎቹን በሁለት ጆንያ ሞልቼ ለጋሽ አብዱልከሪም ወሰድኩ። ሚዛን ላይ አወጧቸው። ማሽላ ሰጡኝ።

ምስጋኑ ሲመለስ ባዶውን መደርደሪያ አየ። አልጮኸብኝም። «የትኛውን አስቀረሽ?» ብቻ አለኝ።

የትኛውን ላስቀር? ለእኔ ሁሉም አንድ ነበሩ። በሰባት ወሩ ሞተ።

በአርባው ማግስት ጨው ልገዛ ሄድኩ። ጨው የተጠቀለለበት ወረቀት ጠርዝ ላይ በእርሳስ የተሠራች ትንሽ መስቀል አየሁ። አወቅኋት። ምስጋኑ ማታ ራት በልተን የሚያነብልኝን ቦታ በዚያች መስቀል ነበር የሚያመለክተው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያ መጽሐፍ ቅጠል ነው ያልኩትን ሁሉ፣ በወረቀቱ መልክ እየለየሁ፣ ከየሰው እጅ ለመንኩ። በርበሬ የተጠቀለለበት፣ ሻማ የተጠቀለለበት። ማንበብ የተማርኩትም ለእነሱ ብዬ ነው። በቃሌ የማውቀውን ጸሎት ከጸሎት መጽሐፌ ፊት ቁጭ ብዬ እደግማለሁ፤ አፌ ያለውን ጣቴ ይከተላል። ፊደሉን እንዲያ አንድ በአንድ ያዝኩት። ሁለት ዓመት ፈጀ።

ሰባ አንድ ቅጠል አለኝ። ሃያ አንድ ይጎድላል፤ መጨረሻው ስድስት ቅጠል በሙሉ የለም። ሽፋኑም የለም። ሃያ ስድስት ዓመት የለቀምኩትን መጽሐፍ ስሙን አላውቀውም።

እና አድማሴ በኪሎ ይለኛል።

የካቲት 19፣ ቅዳሜ

ትሕትና አንዱን ታብሌት ጠረጴዛዬ ላይ ትታ ገበያ ወጣች። «እትዬ፣ በሁለት ጣት እንዲህ ሲዘረጉት ፊደሉ ያድጋል» ብላ አሳይታኝ ነው የሄደች። ሳልጠይቃት።

አቧራ ይዞት እንደሆነ ልይ ብዬ ከፈትኩት።

ስትመለስ «ምን አነበቡ?» አለችኝ።

«ምንም። አቧራውን እያየሁ ነው።»

«ስምንት ሰዓት ነው የሄድኩት፤ አሁን አሥራ አንድ ሆኗል።»

«ብዙ አቧራ ነበረው» አልኳት።

ከንፈሯን ነክሳ ዞረች። ሳቋን ነው። ከዚያ ቆየት ብላ፣ እንደ ዋዛ፣ «እናቴም ዓይኗን ሞራ ይዟት ነበር። ደሴ ወስጃት ተገፈፈላት» አለች። ስለ እናቷ ማን ጠየቃት?

የካቲት 24፣ ሐሙስ

አገኘነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትሕትና የመጽሐፍ ስም ስትጽፍበት ታብሌቱ እንደሚያወጣው አየሁ። «ስሙን የማያውቅ ሰውስ?» አልኳት። «ከውስጡ አንድ ዓረፍተ ነገር ካስታወሰ ይበቃል» አለች። እንደ ቀልድ ነገርኳት፤ ምስጋኑ መጀመሪያ ያነበበልኝን፦ «አበጋዝ አሞሌውን ከመቁጠሩ በፊት የበቅሎዋን ጀርባ ዳሰሰ።»

ጻፈችው። ታብሌቱ ትንሽ አሰበ። ወጣ።

«የአሞሌ ሸክም» ይባላል። ይኼው ጻፍኩት። የአሞሌ ሸክም። ከላስታ ጨው ሊያመጣ የወረደ ነጋዴና ቤት የቀረች ሚስቱ ታሪክ ነው፤ ያንን አውቅ ነበር፣ ስሙን ግን አላውቅም ነበር።

ትሕትና መጨረሻውን ልትከፍትልኝ ጣቷን አነሳች። እጇን ያዝኩት። «ከመጀመሪያው» አልኳት።

ለዚህ ነገር ምስጋና አለብኝ፤ ለታብሌቱ። ጽፌዋለሁ፤ አልሰርዘውም። ለአድማሴ ግን አልነግረውም።

የካቲት 30፣ ረቡዕ

ጾም ከገባ ሦስተኛ ቀን። ነፋሱ ከአሸተን ተራራ አፈር እያወረደ በሩን ይደበድባል።

ቅጠሎቼን በጨርቅ ጠቅልዬ አመጣሁ። ለማንም አሳይቼ አላውቅም። ትሕትና ከታብሌቱ ድምፅ አውጥታ ታነባለች፣ እኔ ቅጠሌን ይዤ በጣቴ እከተላለሁ። መሪጌታ ማዕዘን ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ፤ ያንቀላፉ ይመስላሉ፣ አላንቀላፉም። አንድ ጊዜ ትሕትና ንባቧን አቁማ ቅጠሉን ከእጄ ወሰደችና አዙራ መለሰችልኝ። ነፋሱ ነው የገለበጠው።

ሰማንያ ስድስተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ደረስን። እንዲህ ብላ አነበበች፦ «በቅሎዋ ከወንዙ መሃል ቤቱ ሲደርስ እሳቱ ጠፍቶ ነበር።»

«ምን አልሽ?»

ደገመችው።

«እንዲያ አይልም። ‹በቅሎዋ ከወንዙ መሃል ቆመች› ነው የሚለው። ከዚያ ጎርፉ ይመጣል። ከዚያ ጨውን ይጥላል። ገና ቤቱ አልደረሰም!»

ዘረጋሁላት። ገጽ 87፣ ከጀርባው 88። ጥግ ጥጉ የጨው ውሃ ያበላሸው ቅጠል። በእነሱ ቅጂ ውስጥ የለም። መጽሐፉን የተየበው ሰው የያዘው ኮፒ አንድ ቅጠል ጎድሎት ኖሯል፤ እሱም ሳያይ የሁለት ቦታ ዓረፍተ ነገር አጋጥሞ አለፈ። አበጋዝ ጎርፍ ሳያገኘው ቤቱ ገባ። ስድስት ሺህ መጽሐፍ ውስጥ ማን ይህን አየ?

መሪጌታ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ያልተናበበ ቅጂ» አሉ።

መጋቢት 6፣ ማክሰኞ

አድማሴ ቁልፉን ሊወስድ መጣ።

«እትዬ፣ ቀለም ቀቢው ነገ ነው የሚመጣ።»

«በዙሪያዬ ይቀባ።»

«ይኼን ነገር ስንቱ ከተማ ለምኖ አጥቶታል መሰለዎ! ዝናብ ቀርቶ ሰው ለእርዳታ ስንዴ ተሰልፎ፣ እርስዎ ለአሮጌ ወረቀት ይሟገታሉ። ምን ይባላል ይኼ?» አንድ ቃል አፉ ላይ ደርሶ አየሁት፤ በስብሰባ የሚወረወር ቃል፣ ሰው ልማት ሲያደናቅፍ የሚባለው። ዋጠው። ይመስገን። «ያስተማረዎት መንግሥት ነው፤ የተማረ ሰው ደግሞ አስተማሪውን…»

«እኔን ማንም አላስተማረኝም፣ አቶ አድማሴ። የማሳፍረው አስተማሪ የለኝም።»

«በሩ ይሰበራላ!»

«የወይራ በር ነው። ስበረው» አልኩት።

«ስበረው» ነው ያልኩት። «ይስበሩት» አላልኩም። ሁለታችንም ደነገጥን። «እንግዲያስ ኮሚቴው ተሰብስቦ ይወስን» ብሎ ወጥቶ ሄደ።

መጋቢት 9፣ ዓርብ

መብራት ከጠፋ ሦስት ቀን። አርባውም ታብሌት ሞቷል። ሞላ እየሮጠ መጣ፦ «እትዬ፣ አሸነፉ! ስብሰባው ላይ ይኼን ይንገሯቸው!»

አልነግራቸውም። መብራት ነገ ይመጣል። ያን ጊዜ የእኔም ነገር አብሮ ያከትማል? ታብሌት መጥፎ ነው ብዬ አልከራከርም፤ አይደለማ። መጥፎ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

መብራት ከጠፋ ወዲህ ምንም አላነበብኩም። የሰማዩ ደመና ቤቱን አጨልሞታል።

መጋቢት 11፣ እሁድ

ደመና አልነበረም። ዝናብ የጠፋበት ዓመት ደመና ከየት ይመጣል።

እንግዲህ ሐሰት መጻፌን ካመንኩ ሌላውንም ላርመው። የካቲት 13 «በአርባው ማግስት» ብያለሁ። ልክ አይደለም። መጀመሪያዋ ቅጠል የመጣችው ምስጋኑ በሕይወት እያለ ነው።

ከደሴ ሲመለስ «ወታደር ወሰደው» ነበር ያልኩት። «የትኛውን አስቀረሽ?» ያለኝም ለዚያ ነው፤ ከወታደር የደበቅሁት አለ ብሎ። «ምንም» አልኩት። አመነኝ። «አንቺ ተርፈሽልኛል» አለኝ።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ራት እየበላ ጨው አነሰኝ አለ። ከሱቅ የመጣውን ጥቅል እንዳለ ሰጠሁት። ፈታው። ጨውን መዳፉ ላይ ገልብጦ ወረቀቱን ወደ ኩራዙ አስጠጋ። አነበበ። አዞረና ጀርባውንም አነበበ። መስቀሏ እዚያ ነበረች፤ እኔም አየኋት፣ እሱም አየ። ከዚያ ጨውን በዚያው ወረቀት መልሶ ጠቀለለና ሰጠኝ።

«ጥሩ ጨው ነው» አለኝ።

እስኪሞት ድረስ ስለ መጽሐፍ አላነሳም። እኔም አላነሳሁም። ያች ቅጠል ገጽ 87 ናት።

መጋቢት 18፣ እሁድ

ስብሰባው ተደረገ። ከቅዳሴ በኋላ፣ እዚሁ ንባብ ቤት፤ ቁልፉ የእኔ ስለሆነ በሩን የከፈትኩትም እኔ ነኝ። አድማሴ፣ መሪጌታ፣ ጋሽ አብዱልከሪም፣ ሁለት መምህራን። ትሕትና አባል ባትሆንም ተቀመጠች። ሞላ መስኮት ላይ።

አድማሴ ረዥም ተናገረ። ጥሩም ተናገረ፤ አልዋሸም። ልጆቹ ዓለምን በእጃቸው ይይዛሉ አለ። እውነት ነው። ከዚያ «እትዬ ሰርክአዲስ የሚሉት ካለ» አለ፣ የለም እንድለው።

ተነሳሁ። ስብሰባ ላይ ተነስቼ አላውቅም።

«በ1982 የባሌን መጽሐፎች በኪሎ ሸጫለሁ» አልኩ። «የገዙት እኒህ ናቸው።» ጋሽ አብዱልከሪም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያኔም ዝናብ ቀርቶ ነበር። ያኔም ‹አሮጌ ወረቀት› ነበር የተባለ። ማሽላው በአሥር ቀን አለቀ። ወረቀቱን ግን ሃያ ስድስት ዓመት እየለቀምኩት ነው፤ አልሞላልኝም።»

ከዚያ ቅጠሏን አወጣሁና ትሕትናን አስነበብኳት። መጀመሪያ ከታብሌቱ፣ ቀጥላ ከወረቀቱ። ያ የተጋጠመው ዓረፍተ ነገር ሲነበብ አንደኛው መምህር ሳቀ፤ ወረቀቱ ሲነበብ ቅጠሏን ሊያይ ጎንበስ አለ።

«አንድ ስህተት ነው» አለ አድማሴ። «ከስድስት ሺህ አንድ ቢገኝ ምን ይገርማል?»

«አንድ መጽሐፍ ነው ያናበብነው፣ አንድ ተገኘ» አልኩት።

መሪጌታ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አደረጉ። «ነገሩ ቀላል ነው። ታብሌቱ ይግባ፤ ይመረቅ፤ ልጆቹም ይማሩበት። ወረቀቱ ደግሞ ይናበብ። ከሰሌዳው ጋር ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ተናቦ ልክ ነው የተባለ መጽሐፍ ያን ጊዜ ይውጣ። ሰሌዳው ውስጥ የሌለ ግን ከነመደርደሪያው ይቀመጥ።»

«ስድስት መቶ አሥራ ሁለት መጽሐፍ? ድምፅ አውጥቶ? መሪጌታ፣ ይኼ እኮ ዕድሜ ይፈጃል!»

«እኔ ዕድሜ አለኝ» አልኩ።

ጋሽ አብዱልከሪም ሳቁ፤ እስኪያስላቸው። «እኔም ተናቦ ካልመጣ አልገዛም» አሉ። «በዚህ ከተማ ሌላ ነጋዴም እንዳይገዛ እነግራለሁ።» አንደኛው መምህር እጁን አወጣ። ሌላውም። አድማሴ ብቻውን ቀረና እሱም አወጣ፤ ከእንግዲህ ወዲያ ሐሳቡ የእሱ ነው እንዲባል። ይሁንለት።

«ግን ማን ያነባል? ማን ይከተላል?» አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ደግሞ መደርደሪያውን አየሁ። ከቆምኩበት ቀለም ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቡኒ። በጀርባቸው ላይ የተጻፈውን ካላየሁት ዓመት አልፎኛል። የቱ የት እንዳለ ግን በጨለማም አውቃለሁ።

«ወረቀቱን ዓይን ያለው ያንብብ» አልኩ። «እኔ ታብሌቱን እይዛለሁ። እሱ ላይ ነው የሚታየኝ።»

እንዲህ ብዬ በሰው ፊት ተናገርኩ። ማንም አልሳቀም። ሞላ እንኳ።

ስለ ጨው ጥቅሉ ግን አልተናገርኩም። እሱ የእኔና የምስጋኑ ነው።

መጋቢት 27፣ ማክሰኞ

ተመረቀ። እንግዶቹ መጡ። ቀለም ቀቢው ከመደርደሪያ በላይ ያለውን ብቻ ቀባ፤ ያምራል። አድማሴ በንግግሩ «አሮጌውንና አዲሱን ያናበብን» አለ። እኔን ፎቶ አነሱኝ፤ በአንድ እጄ ታብሌት፣ በሌላው መጽሐፍ አስይዘው። ከባዱ መጽሐፉ ነው።

ሚያዝያ 8፣ ቅዳሜ

አሥራ ሁለት ቀን፤ ሦስት መጽሐፍ። ሞላ ያነባል፤ አስጎብኚ ስለሆነ ድምፁ አይደክምም። እኔ ፊደሉን የአውራ ጣት ያህል አድርጌ እከተላለሁ። ሁለቱ ልክ ነበሩ። ሦስተኛው አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጎድሎታል። ሞላ «እትዬ፣ ደስ ያለዎት ይመስላል» አለኝ። «አንብብ» አልኩት። ልክ የሆኑት ሁለቱ ይውጡ ወይ ብሎ አድማሴን ጠየቀው። «ለሁለት መጽሐፍ ብዬ ሚዛን አልከራይም፤ ሲጠራቀሙ» አለ። ይጠራቀሙ።

የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ይዛልኛለች ትሕትና፤ ከፋሲካ በኋላ፣ ደሴ። ያው ደሴ። እሄዳለሁ።

ዛሬ የአሞሌ ሸክምን መጨረሻ ከታብሌቱ ገልብጬ ጨረስኩ። የጎደሉኝን ሃያ አንዱንም፣ በወፍራም እስክሪብቶ፣ በቅጠሎቼ ልክ በተቆረጠ ወረቀት ላይ፤ አንዱ የታተመ ቅጠል በእኔ እጅ ሦስት ሆኖብኛል። አበጋዝ ቤቱ ይደርሳል። ጨው የለውም። ሚስቱ ጨውን አትጠይቀውም፤ ስለ በቅሎዋ ነው የምትጠይቀው። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ የፈለገ ያንብበው።

ትሕትና ደግሞ የእኔን ቅጠል እየተየበች ነው። ለማኅበሩ ትልክላቸዋለች፤ አርባው ታብሌት ውስጥ፣ ሌላ ከተማ ያለውም ውስጥ ይገባል አለች። ጎርፉ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቅጠሏን ስትጨርስ ጣቷን ጠርዙ ላይ አሳረፈች።

«እትዬ፣ ይቺ የእርሳስ መስቀልስ? ምን ብዬ ላስገባት?»

«እሷን ተያት» አልኳት። «እሷ ከወረቀቱ ጋር ትቀራለች።»

ቅጠሏን መለሰችልኝ። በቦታዋ አስገባኋት፤ ከሰማንያ ስድስት በኋላ። ሰባ አንዱን ከእኔ ጽሕፈት ጋር በመርፌና በክር ሰፋሁት፤ ሽፋኑን መሪጌታ ከአሮጌ ቆዳ ሰጡኝ። የንባብ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ቦታ አለኝ፤ ግን ቤቴ፣ ያ ባዶ መደርደሪያ ላይ አኖርኩት።

የትኛውን አስቀረሽ ብለኸኝ ነበር፣ ምስጋኑ።

ይኸውልህ።